ሆዳሙ፣ ችኩሉና ጭምቱ

ሰኞ፣ ጥር 14

ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህም ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ነው። ብሮውዘር ምን እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ ግን ሦስት ብሮውዘሮች አወዳድሬ ፈጣኑን እንድመርጥ ስታዘዝ "እሺ" አልኩ።

"እሺ" ያልኩት ገብቶኝ አይደለም። "አይ" ብል "ለምን?" ይመጣል። "እሺ" ስል ግን ሁሉም ፊቱን ወደ ሥራው ያዞራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ኢንተርኔት ቤት ሦስት ኮምፒዩተሮች አሉት፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንሱም። ሰው የሚመጣው ፎርም ለመሙላት፣ ማመልከቻ ለማስጻፍ፣ ወረቀት ለማተም ነው። አሁን ግን አንድ ገጽ እስኪከፈት ደንበኛው መጀመሪያ ይተነፍሳል፣ ቀጥሎ ጣሪያውን ያያል፣ በመጨረሻ እኔን ያያል። እኔ ደግሞ መታየት አልወድም። ማዕዘኑ ላይ የመስታወት በር ያለው አዲስ ኢንተርኔት ቤት ተከፍቷል። የእነሱ ማሽን ሳትነኪው ይከፍታል አሉ።

የካቲት 19 የኮሌጅ ምዝገባ በኢንተርኔት ይጀመራል። ዓመቱን የሚያኖረን እሱ ነው። አክስቴ ዛሬ ቁርጡን ተናገረች።

"እስከዚያ ካልፈጠኑ ክፍሉን ለጎረቤታችን ለጸጉር ቆራጩ እሰጠዋለሁ። ግድግዳውን አፍርሼ ላስፋ እያለ ሲለምነኝ ከርሟል። አንቺም ወደ አባትሽ ትመለሻለሽ። ምን ላድርግ እንግዲህ?"

አባቴ ቤት ማለት ታናናሾቼን ማጠብ፣ ማብላት፣ ማስተኛት ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩትም በዚሁ ነው። አልጠላቸውም። ግን እዚያ ቤት ስሜ "ነይ" ነው።

ምክሩን ያመጣው ኮምፒዩተር ጠጋኙ ነው። ሰፈሩ "ፎርማት" ይለዋል፤ ለየትኛውም በሽታ መድኃኒቱ ፎርማት ማድረግ ስለሆነ።

"እትዬ፣ የእነዚህ ማሽኖች ራም ትንሽ ነው። የሚጨመርላቸውም ከገበያ ጠፍቷል። ወይ ፎርማት እናድርጋቸው፣ ወይ ቀለል ያለ ብሮውዘር እንፈልግላቸው" አለ።

"ማን ይምረጥ?"

"አንድ ሰው ሦስቱንም በአንድ ዓይን ይሞክር።"

አክስቴ ዞር ብላ አየችኝ። "ይቺ ትሞክር። አፍ ባይኖራት ዓይን አላት።"

ፎርማት ሳቀ። እሱ እኔን የሚጠራኝ "ሳይለንት" ብሎ ነው፤ እንደ ስልክ።

ረቡዕ፣ ጥር 16

ገባኝ መሰለኝ። ብሮውዘር ኢንተርኔትን የምናይበት መስኮት ነው። ራም ምንድን ነው ብዬ ልጠይቅ ከጠዋት ጀምሮ ጥያቄውን በአፌ ይዤ ዋልኩ። በመጨረሻ ጋሼ ጠየቁልኝ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ሁለተኛው ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጠው ካርታ ሲጫወቱ ይውላሉ።

"ራም ጠረጴዛ ነው" አለ ፎርማት። "ብዙ ዕቃ ከተደረደረበት መሥሪያ ቦታ ይጠፋል።"

"ጠረጴዛ አይደለም፤ ወንበር ነው" አሉ ጋሼ። "የተሳፋሪ ወንበር።"

"ጋሼ፣ እኔ የተማርኩት ጠረጴዛ ተብሎ ነው።"

"አንተ የተማርከው ቁጭ ብለህ ነዋ! እኔ ሕይወቴን ሙሉ ጭኜ ነው የተማርኩት።"

ፎርማት አንድ ነገር አሳየኝ። ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ሲነኩ የሚመጣ መዝገብ አለ፤ ማሽኑ ውስጥ ማን ስንት ራም እንደበላ በስም ይናገራል። እንዲህ ያለ ነገር አባቴ ቤትም ያስፈልግ ነበር። ስኳሩን ማን ጨረሰው ሲባል ሁልጊዜ በእኔ ነበር የሚላከከው።

ስም አወጣሁላቸው። እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት ሆዳሙ ነው፤ መዝገቡ ላይ የእሱ ቁጥር ብቻውን ሌላውን ሁሉ ይበልጣል። ሁለተኛው ችኩሉ፤ ገጹ ግማሽ ሳይመጣ ጨርሻለሁ ይላል። ሦስተኛው ጭምቱ። ትንሽ ይበላል፣ አያብረቀርቅም፣ አይጠይቅም። ማንም አይመርጠውም ብዬ አዘንኩለት። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሐሙስ

መለኪያ አገኘሁ። ስልኬን አውጥቼ ሰዓት ብቆጥር ሰው ምን ታደርጋለች ይላል። የአክስቴ ሰላምታ ግን አለ። ለማንም ቢሆን አንድ ነው፣ ፍጥነቱም አይለወጥም፦ "እንደምን አደራችሁ? ደህና ናችሁ? ቤት ሰላም ነው? ልጆች ደህና? ሥራ እንዴት ነው? ተመስገን፣ ተመስገን፣ ግቡ፣ ግቡ።" ደንበኛ በር ላይ ሲደርስ ገጽ እጫናለሁ፤ የትኛው ቃል ላይ እንደሚከፈት አያለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 19

ውጤት። ሆዳሙን በአክስቴ ማሽን በአንደኛው ላይ፣ ሁለቱን አዳዲሶች ደግሞ ፎርማት አጽድቶ በጫነልኝ በሦስተኛው ላይ ሞከርኩ። ሆዳሙ ሰላምታው አልቆ፣ ደንበኛው ገብቶ፣ ወንበር ስቦ ሁሉ አልከፈተም። ጭምቱ "ሥራ እንዴት ነው" ላይ ከፈተ። ችኩሉ "ልጆች ደህና" ላይ!

የምሞክርበት ገጽ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የማታ ትምህርት ቤቱ መመዝገቢያ። ፎርማት አየና "ለምን ይሄን ብቻ?" አለኝ። "ከባድ ነው" አልኩት። እውነቴን ነው፣ ፎቶ ይበዛበታል። ትምህርት ቤቱ ከእኛ ሱቅ በስተጀርባ መሆኑ ከፍጥነት ጋር አይገናኝም። ገጹ ሲከፈት "ስም" በሚለው ሳጥን ውስጥ አንዲት ቀጭን መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች። እሷን ትንሽ አይቼ እዘጋዋለሁ። ሌላ ምክንያት የለውም።

ማክሰኞ፣ ጥር 22

ችኩሉን መረጥኩ! አንገቴን ሰብሬ ጣቴን ወደ ማሽኑ ቀሰርኩ፤ ምርጫው በዚሁ አለቀ። በሦስቱም ላይ ተጫነ። ዛሬ ደንበኞች ገና ሳይቀመጡ ገጹ ይጠብቃቸው ነበር። አክስቴ ግንባሬን ሳመችኝና "እኔኮ ይቺ ልጅ ውስጧ ሌላ ነው ብያለሁ" አለች፤ ብላ አታውቅም።

አንድ ነገር ብቻ። በራሷ ማሽን ላይ ሆዳሙን አላስዘጋችም።

"እሱን እንዳትነኩት። ሁለቱም ጎን ለጎን ይሂዱ።"

"እትዬ፣ ሁለት ብሮውዘር አንድ ላይ ምን ያደርጋል?" አለ ፎርማት።

"አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ነባሩ ይባረራል እንዴ?"

እሁድ፣ ጥር 27

ችኩሉ ወፈረ።

ትናንት ሰላምታው አልቆ ነው የከፈተው። አንድ አባት የልጁን ውጤት ሊያይ መጥቶ፣ ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ "ልጁ እስኪመረቅ እጠብቃለሁ እንዴ?" ብሎ ወጣ። በመስኮት አየሁት። ወደ መስታወት በሩ ሄደ።

አክስቴ ምንም አላለችኝም። ማታ ላይ ግን ለራሷ ይመስል "የመረጠችውም እሷ ናት" ስትል ሰማኋት። እኔ ምን አገባኝ ነበር? ጣቴ ምን አስቀሰረው?

ሰኞ፣ ጥር 28

ችኩሉ ወጣ፣ ጭምቱ ገባ። ጋሼ ሁለተኛው ማሽን ላይ ጭምቱን ከፍተው እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ካርታም አልነኩ።

"ጋሼ፣ ተበላሸ እንዴ?" አለች አክስቴ።

"እያሞቅኩት ነው። ሞተር ሳይሞቅ አይነዳም።"

እስከ ሻይ ሰዓት አሞቁት።

እሁድ፣ የካቲት 4

ጭምቱም ወፈረ። ሲገቡ ሁሉም ቀጭን ናቸው።

ግን ዛሬ ሌላ ነገር አየሁ። ሱቁን ብቻዬን ሳጸዳ፣ መዝገቡን አምጥቼ፣ ቁጥሮቹን እያየሁ፣ የተከፈቱ ገጾች ወደሚደረደሩበት ወደ ጭምቱ አናት ቀና አልኩ። ደንበኛ ሁሉ የከፈተው ገጽ ከነሕይወቱ አለ። አንዱም አልተዘጋም። ሰኞ የመጣው፣ ማክሰኞ የመጣው፣ ሁሉም። ሰዎቹ ሄደዋል፣ ገጾቻቸው ተቀምጠው ራም ይበላሉ።

ይህ የአክስቴ ሕግ ነው፤ አውቀው ነበር፣ ግን እንደ ግድግዳው ቀለም ነበር፣ አይቼው አላውቅም። "የሰው ጉዳይ አይዘጋም" ትላለች። ድሮ አንዴ የአንዲት ሴት ፎርም ሳይላክ ዘግታባት፣ ሴትዮዋ እዚህ ወንበር ላይ አልቅሳለች አሉ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲነሳ ገጹን ወደ ታች ታወርደዋለች እንጂ አትዘጋውም። ማሽኖቹንም ማታ አታጠፋም፤ ስክሪኑን ብቻ ታጨልማለች።

ሆዳሙን የለካሁት ደግሞ በእሷ ማሽን ላይ ነበር! አንዱን ባዶ እጁን፣ ሌላውን ጆንያ አሸክሜ ነው ያስሮጥኳቸው። ከዚያም ሆዳም ብዬ ስም አወጣሁለት። እሱ መች በላ? ሲያጎርሱት ነው።

ነገ እነግራታለሁ።

ሰኞ

"አክስቴ…"

"ወይ?"

"ገጾቹ…"

"ምን ሆኑ?"

"ምንም።"

"ምንም ካልሆኑ ምን አስጠራሽ? ጋሼ፣ ይስሙልኝ፣ ምንም ልትለኝ ጠራችኝ!"

ማክሰኞ

ገና "አክ" ስል ደንበኛ ገባ።

ረቡዕ

"በልተሻል?" አለችኝ። በልቻለሁ አልኩ። በዚሁ አለፈ።

ሐሙስ፣ የካቲት 8

ያደረግኩትን ልጻፍ።

አክስቴ ባንክ ሄደች። አንደኛው ማሽን ላይ ተቀመጥኩ። በሆዳሙ አናት ላይ ያሉት ገጾች ከብዛታቸው የተነሳ ተጣበው የማበጠሪያ ጥርስ መስለዋል። አንዱን ዘጋሁ። ጣሪያው አልወደቀም። ሌላ ዘጋሁ። አንድ የበረራ ቲኬት ነበር፤ ሰውየው ሄዶ፣ ተመልሶ፣ ጺም አሳድጓል። አንድ የሥራ ማመልከቻ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ተዘግቷል። እየቀለለኝ ሄደ። ለምን እንደሆነ አላውቅም እጄ ፈጠነ፣ ሁሉንም ዘጋሁ። ከዚያ አንድ ገጽ ስከፍት ወዲያው ከፈተ። ማሽኑ ዓይኑን የገለጠ መሰለኝ።

አክስቴ ተመለሰች። በር ላይ ለነበሩት ሁለት ሰዎች "እንደምን ዋላችሁ? ደህና ናችሁ? ቤት…" ብላ ስክሪኑን አየችና ቆመች።

"እሷስ?" አለች።

"ማን?"

"የልጄ ገጽ። ጥግ ላይ የነበረችው።"

የአክስቴ ልጅ ሩቅ ነው ያለችው። ተጣልተው ነው የሄደችው፤ በምን እንደተጣሉ እኛ ቤት አይነሳም። የመጀመሪያው ጥርስ እሷ እንደነበረች አላየሁም።

"በራሱ ነው የ…" አልኩ። ዋሸሁ።

አክስቴ ተቀመጠች። ዝም አለች። አክስቴ! ደንበኛ ገባ፣ ሰላም አላለችውም። ሰውየው ወጥቶ የሱቁን ታፔላ አንብቦ ተመለሰ። ጋሼ ካርታቸውን አስቀመጡ። ዝምታ የኔ ነገር ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ የእሷ ግን ክብደት አለው፣ ክፍሉን ሞላው።

ያኔ ፎርማት አንዴ ያሳየኝ ትዝ አለኝ፤ የተዘጋን ገጽ መልሶ የሚያመጣ ትእዛዝ አለ። በጎኗ እጄን ዘርግቼ ነካሁት። ጥቂት ገጾች ተመለሱ፣ ከዚያ እሷ መጣች። የልጅቷ ትንሽ ፎቶ፣ ከጎኑ "ደህና ደርሻለሁ" የሚል መልእክት። ያለፈው ክረምት ነው። ከእሱ በኋላ ምንም የለም።

"መጣች!" አለች አክስቴ ደረቷን ይዛ። "መጣች እኮ!"

"ከየት?" አሉ ጋሼ በሩን እያዩ።

ከታች ያለው የመጻፊያ ሳጥን ባዶ ነበር። አክስቴ መነጽሯን አደረገች፣ በአንድ ጣት ፊደል እየፈለገች "ልጄ" ብላ ጻፈች። አቆመች። አልላከችውም፣ አልጨመረችበትም። ቀድሞም እዚያ ሳጥን ውስጥ አንድ ቃል እንደነበረ ትዝ ይለኛል። አንድ ቃል ጽፎ መተው ምን ይባላል? ይገርማል።

አርብ

ይባስ ብሎ ወረቀት አስለጠፈችኝ። በቀይ እስክሪብቶ፦ "አይዘጋም!" በሦስቱም ማሽኖች ላይ። እኔው ነኝ የጻፍኩት፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ።

ማታ ልንዘጋ ስንል አንድ ተማሪ አልነሳም አለ። "አይዘጋም ይላል እኮ።"

ሰኞ፣ የካቲት 12

ፎርማት ቦርሳውን ይዞ፣ እጅጌውን ሰብስቦ መጣ።

"እትዬ፣ እንግዲህ ብሮውዘሩም ተሞከረ። የቀረው የኔ መድኃኒት ነው። ሦስቱንም ፎርማት ላድርጋቸው፣ እንደተወለዱ ይሆናሉ።"

"ገጾቹስ?"

"የምን ገጽ? ሁሉም ድራሹ ይጠፋል!" አለ ደስ ብሎት።

አክስቴ ጥጉን አየች።

"ይቅር" አለች። "ጸጉር ቆራጩን ጥሩልኝ።"

ሰው ለአሮጌ ማሽን እንዲህ የሚሳሳው ለምንድን ነው አለ ፎርማት። እኔ ገብቶኛል። አልተናገርኩም። በአፌ ውስጥ ያለው ነገር ሁለት ሆነ፤ ስለ ገጾቹና ስለ ውሸቴ።

ረቡዕ፣ የካቲት 14

ጸጉር ቆራጩ ሜትር ይዞ መጣ። እያፏጨ ለካ። "እዚህ መስታወት። እዚህ መታጠቢያ።" እኔ የተቀመጥኩበት ላይ ሲደርስ "ትንሽ ጠጋ በይ እስቲ፣ እህቴ" አለኝ። ጠጋ አልኩ። የኔን ቦታም ለካው። መታጠቢያው እዚያ ነው።

አክስቴ ለአባቴ ደወለች። "ሰኞን እዚህ ትዋልና ትመጣለች" ስትል ሰማሁ።

አርብ፣ የካቲት 16

ሱቁ ጭር ሲል ሦስተኛውን ማሽን አጥፍቼ አበራሁት። የኔ ወረቀት "አይዘጋም!" እያለ ያፈጥብኛል። የተውናቸውም ገና ውስጡ ስላሉ፣ ሦስቱንም ብሮውዘሮች በእኩል፣ ያለ ጆንያ ሞከርኳቸው። አክስቴ ሰላምታ የምትሰጠው ደንበኛ ስላልነበረ ሰላምታውን በልቤ አልኩት።

ሦስቱም ፈጣን ናቸው። ሆዳሙም! ችኩሉ ትንሽ ይቀድማል፤ ጭምቱ በትንሹ ይበላል። ለእኛ ማሽን ጭምቱ ነው፣ አሁን በእርግጠኝነት። ግን ማናቸውም ቢሆኑ ገጾቹ ካልተዘጉ ዋጋ የላቸውም።

ሳላስበው ጮክ ብዬ ተናገርኩት። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ጋሼ ከካርታቸው ቀና አሉ።

"ምን አልሽ?"

"ብሮውዘሩ አይደለም፣ ገጾቹ ስለማይዘጉ ነው" አልኩ።

"ተሳፋሪው ሳይወርድ ሌላ እየተጫነ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለእኔ ምን ታደርጊልኛለሽ? እኔ ተሳፋሪ ነኝ። ሾፌሯ እዚያ ናት" አሉና በአገጫቸው ወደ አክስቴ አመለከቱ። አክስቴ ስልክ ላይ ነበረች። ወይም እኔ ስልክ ላይ ናት አልኩ። እንጃ፣ ስልኩ ጆሮዋ ላይ አልነበረም።

እሁድ፣ የካቲት 18

ልብሴን አጠፍኩ። ብዙ አይደለም።

ነገ ምዝገባው ይጀመራል። ጸጉር ቆራጩ ማክሰኞ ግድግዳውን ይጀምራል፤ አክስቴ ነገ ማታ የመጨረሻ ቃሏን ትሰጠዋለች። ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ስለማመድ ዋልኩ። "አክስቴ፣ ገጾቹን መዝጋት አለብን።" ይሄ በጣም ከረረ። "አክስቴ፣ ቅር ባይልሽ።" ይሄ ደግሞ እስኪያልቅ ደንበኛ ይገባል። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ራሷ አላመነችኝም።

ከዚያ አንድ ነገር አሰብኩ። ለአክስቴ የዚያች ያለቀሰች ሴት ፎርም ለምን እንደጠፋ፣ ራም ምን እንደሆነ ብነግራት አትሰማኝም። እሷ የምትፈራው መዝጋትን ሳይሆን አለመመለስን ነው። ያን ቀን ገጹ ሲመለስ አይታለች፣ ግን እንደ ተአምር ነው ያየችው፤ እኔ ዋሽቼ "በራሱ" ስላልኩ። በራሱ የሄደ ነገር በራሱ መቼ እንደሚመለስ ማን ያውቃል? እኔ ነኝ ያስፈራኋት።

ገጹ የልጅቷ ቤት አይደለም። ዘግተሽ ነገ ብትከፍቺው "ደህና ደርሻለሁ" እዚያው አለ። ጭምቱ ላይ አንዲት ትንሽ ኮከብ አለች፤ እሷን ስትነኪ ገጹ አናት ላይ በስሙ ይቀመጣል፣ አንድ ጊዜ መንካት ነው። ራም አይበላም ማለት ይቻላል። የልጇን ስም እጽፍበታለሁ።

ስለዚህ ነገ በጠዋት፣ በሩ ሳይከፈት፣ አክስቴን አንደኛው ማሽን ላይ አስቀምጣታለሁ። እንዴት እንደምናገር ስለማላውቅ እጇን ይዤ አስቀምጣታለሁ። መጀመሪያ "ያን ቀን የዘጋሁት እኔ ነኝ" እላለሁ። ይሄን ብቻ በቃሌ ይዣለሁ፤ አጭር ነው። ከዚያ የልጇን ገጽ ጭምቱ ላይ ከፍቼ ኮከቧን እነካለሁ። ከዚያ፣ እያየች፣ እዘጋዋለሁ። ትጮህ ይሆናል። ትጩህ። "እስቲ ሰላም በይኝ" እላታለሁ፣ እንደ ደንበኛ። "እንደምን አደርሽ" ብላ ስትጀምር የልጇን ስም እነካለሁ። የቀሩትም ገጾች ተዘግተው ጭነቱ ሁሉ ከወረደ "ልጆች ደህና" ሳይደርስ ልጇ ትመጣለች።

"ልጄ" የሚለውን ቃል ሳጥኑ ላያቆይላት ይችላል፤ አንዴ ጠፍቶባትም ደግማ ጽፋዋለች። ጨርሺውና ላኪው አልላትም። የሷ ጉዳይ ነው፤ ያን ያህል ድፍረት ደግሞ የለኝም።

ከዚያ ሦስቱንም ወረቀቶች እልጣለሁ። በሩን እከፍታለሁ። ተማሪዎቹ ይምጡ።

እነሱ ሳይመጡ ግን፣ ጊዜ ካለ፣ የማታ ትምህርት ቤቱን ገጽ አንዴ እከፍተዋለሁ። ለፍጥነት ሙከራ አይደለም፤ ፍጥነቱን አውቀዋለሁ። "ስም" በሚለው ውስጥ ያቺ መስመር ብልጭ ድርግም ስትል ስሜን እጽፍበታለሁ፣ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ። እልከዋለሁ። ከላክሁ በኋላ እዘጋዋለሁ።